የዳይሬክተሪ ሰርቨር ቅጂዎችን ሁኔታ ለመከታተል ስለሚያስፈልገው ፈቃድ አጭር ሐተታ

መግቢያ

አንድ ኮሌጅ ወይም አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹንና የተማሪዎቹን ስም፣ የይለፍ ቃልና የሥራ ክፍል በአንድ የኮምፒዩተር መዝገብ ውስጥ ያኖራል። ሰው ጠዋት ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ስሙንና የይለፍ ቃሉን በጻፈ ጊዜ፣ ነኝ ያለው ሰው መሆኑ የሚረጋገጠው ከዚሁ መዝገብ ነው። መዝገቡን ይዞ ለጠያቂ ሁሉ መልስ የሚሰጠው ኮምፒዩተር ዳይሬክተሪ ሰርቨር ይባላል። ሰርቨሩ አንድ ብቻ እንደ ሆነ፣ እርሱ በተበላሸ ቀን ሥራው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ መዝገቡ በሁለት፣ በሦስት ወይም ከዚያ በበለጡ ሰርቨሮች ላይ ተገልብጦ እንዲቀመጥ ይደረጋል። በአንደኛው ሰርቨር ላይ የተጻፈው ለውጥ ለሌሎቹ የሚተላለፍበት አሠራር ሬፕሊኬሽን ይባላል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «ማዳረስ» እያልን እንጠራዋለን።

ማዳረሱ በተቋረጠ ጊዜ ቅጂዎቹ ይለያያሉ። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ስሙ በአንደኛው ሰርቨር ላይ ቢታገድም፣ ወሬው ያልደረሰው ሁለተኛው ሰርቨር በሩን እንደ ወትሮው ይከፍትለታል። የይለፍ ቃሏን የለወጠች ተማሪም አንድ ጊዜ ትገባለች፣ ሌላ ጊዜ ትከለከላለች፤ ነገሩ የሚወሰነው ጥያቄዋ በየትኛው ሰርቨር ላይ እንደ ወደቀ ነው። ይህ ሳይታወቅ እንዳይቆይ፣ የማዳረሱን ሁኔታ በየጊዜው እየጠየቀ የሚከታተል ፕሮግራም ይዘጋጃል። ፕሮግራሙም እንደ ማንኛውም ተጠቃሚ በስሙ ገብቶ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ የሚያየው የተፈቀደለትን ብቻ ነው።

የዚህ ሐተታ ዋና ነጥብ ከዚህ ላይ ይነሣል። በንባብ ጊዜ የፈቃድ ጉድለት ብዙውን ጊዜ «ተከልክለሃል» ተብሎ አይገለጥም፤ ባዶ መልስ ሆኖ ይመጣል። ያልተጠነቀቀ ሰው ደግሞ ባዶውን መልስ «ምንም ችግር የለም» ብሎ ይተረጕመዋል። ስለዚህ ተከታታዩ ፕሮግራም ዓይኑ ታስሮ ሳለ፣ ሁሉ ነገር ደኅና ነው እያለ ለወራት ሊመሰክር ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆንና እንዴት እንደሚመረመር ለማስረዳት 389 ዳይሬክተሪ ሰርቨር የተባለውን በምሳሌነት መርጠናል።

1. ስለ ሰርቨሩ አመጣጥና ስለ ማዳረሱ አሠራር

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የዳይሬክተሪ ሰርቨሮች የጋራ ቋንቋ ኤልዳፕ ይባላል። ይህ ቋንቋ በ1988 ዓ.ም. ከወጣው ኤክስ 500 ከተባለው ሰፊና ከባድ ደንብ የተቀነሰ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጽሑፉ በ1993 ዓ.ም. ወጣ። የመጀመሪያው የኤልዳፕ ሰርቨር በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተሠራ። ከዚህ ሥራ የተወለደውን ሰርቨር መጀመሪያ ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ በገበያ ላይ አዋለው፤ በ2004 ዓ.ም. ሬድ ሃት ገዛው፤ በ2005 ዓ.ም. ለማንም ክፍት ሆኖ ወጣ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ 389 የሚለውን ስም አገኘ። ስሙ የተወሰደው ኤልዳፕ ከሚሠራበት የወደብ ቁጥር ነው።

በሰርቨሩ ውስጥ ያለው መዝገብ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አለው። እያንዳንዱ ሰው፣ እያንዳንዱም ነገር የራሱ ቅጽ አለው፤ በቅጹ ላይ ስም፣ የይለፍ ቃልና የመሳሰለው በየረድፉ ይሞላል። ዛፎቹ ግን ከአንድ በላይ ናቸው። አንደኛው የሰዎቹ ቅጾች የሚቀመጡበት የጋራ ዛፍ ነው፤ በየሰርቨሩ የሚዳረሰው እርሱ ነው። ሁለተኛው «ኮንፊግ» የሚባለው ዛፍ ሲሆን፣ ሰርቨሩ ስለ ራሱ አሠራር የያዘው የግል ደንብ ነው፤ ይኸኛው ለማንም አይዳረስም። የዚህ ልዩነት ጥቅም ወደ ፊት ይታያል።

አንድ ሰርቨር ለሌላው ለውጥ ለማስተላለፍ ውል ያስፈልገዋል። ውሉም ራሱ አንድ ቅጽ ነው፤ የሚገኘውም በኮንፊግ ዛፍ ውስጥ «ማፒንግ ትሪ» ከሚባለው ቅርንጫፍ በታች ነው። በውሉ ቅጽ ላይ ተቀባዩ ሰርቨር ማን እንደ ሆነ፣ የመጨረሻው ማዳረስ መቼ እንደ ተጀመረና መቼ እንደ ተፈጸመ፣ ውጤቱም ምን እንደ ሆነ ይነበባል። ውጤቱን የሚይዘው ረድፍ «ላስት አፕዴት ስታተስ» ይባላል።

ከዚህ ሌላ፣ እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩ 20 ምልክቶች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ 8 ለውጡ የተደረገበትን ጊዜ፣ ቀጥለው ያሉት 4 ተራውን፣ የሚቀጥሉት 4 ለውጡ የተወለደበትን ሰርቨር መለያ፣ የመጨረሻዎቹ 4 ደግሞ የለውጡን ንኡስ ተራ ያመለክታሉ። እያንዳንዱ ሰርቨር «ከሀ እስከዚህ ቁጥር፣ ከለ እስከዚህ ቁጥር ደርሶኛል» የሚል ሠንጠረዥ ይይዛል። ሠንጠረዡ ሩቭ ይባላል። የሁለት ሰርቨሮችን ሩቭ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ማን ወደ ኋላ እንደ ቀረ ያሳያል።

2. ፈቃድ እንዴት እንደሚሰጥ

ፈቃድ የሚሰጠው ኤሲአይ በሚባል የደንብ ቃል ሲሆን፣ እርሱም በዛፉ ላይ ባለ አንድ ቅጽ ላይ ይጻፋል፤ ከቅጹ በታች ላለው ቅርንጫፍ ሁሉም ይሠራል። ደንቡ ሦስት ነገር ይናገራል፤ ለማን፣ በየትኞቹ ረድፎች ላይ፣ ምን ለማድረግ። ምንም የፈቀደለት ደንብ የሌለ ሰው እንደ ተከለከለ ይቆጠራል። የሚፈቅድና የሚከለክል ደንብ ሲጋጩም የሚከለክለው ይጸናል።

ከእነዚህ መብቶች መካከል ሁለቱን መለየት በጣም አስፈላጊ ነው። አንደኛው የንባብ መብት ነው፤ በረድፉ የተጻፈውን ለማየት ያስችላል። ሁለተኛው የፍለጋ መብት ነው፤ ረድፉን የጥያቄ መመዘኛ ለማድረግ ያስችላል። «የውል ዓይነት የሆኑትን ቅጾች ሁሉ አምጣልኝ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ የቅጹን ዓይነት በሚይዘው ረድፍ ላይ የፍለጋ መብት ከሌለው፣ የንባብ መብቱ ብቻውን ምንም አይረዳውም።

ከደንቡ ሁሉ በላይ የሆነ አንድ ባለሥልጣን አለ። እርሱም ዳይሬክተሪ ማናጀር ይባላል። ኤሲአይ እርሱን አይመለከተውም፤ ሁሉን ያያል፣ ሁሉንም ይለውጣል። ስለዚህ «እኔ በዳይሬክተሪ ማናጀር ስም ገብቼ ስሞክረው ይታያል» የሚል መልስ የተከታታዩን ፕሮግራም ፈቃድ በሚመለከት ምንም ማስረጃ አይሆንም።

3. የዝምታው ምክንያት

ነገሩን በመዝገብ ቤት ምሳሌ እንመልከተው። አንድ ተላላኪ ወደ መዝገብ ቤት መጥቶ «በእገሌ ላይ የቀረበ ክስ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። መዝገብ ያዡ የክሱን ማኅደር ለዚህ ተላላኪ እንዳያሳይ ታዟል። «አለ፤ ግን ለአንተ አይታይም» ቢል ምስጢሩን ግማሹን አወጣው። ስለዚህ ዝም ብሎ ባዶ እጁን ያሳየዋል። ተላላኪው ወደ አለቃው ተመልሶ «ክስ የለም» ቢል፣ ሁለቱም ሳይዋሹ አለቃው ግን ተሳሳተ። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት ለመዝገብ ያዡ ጥሩ ምክር ነው፤ ለተላላኪው ግን ወጥመድ ነው።

የኤልዳፕ ደንብ «መብት የለህም» ለማለት 50 የሚል የውጤት ቁጥር አለው። መጻፍ የማይገባው ሰው ሊጽፍ ሲሞክር ይህ ቁጥር ይመለስለታል። በፍለጋ ጊዜ ግን 389 ሰርቨር ማየት የማይገባውን ቅጽ ከመልሱ ውስጥ አውጥቶ፣ የቀረውን «ተሳክቷል» በሚለው በ0 ቁጥር ይመልሳል። የቀረ ነገር ከሌለም መልሱ ባዶ ሆኖ ቁጥሩ ያው 0 ነው።

ዝምታውም በሦስት መልክ ይመጣል። በመጀመሪያው ውሎቹ በሙሉ ይጠፋሉ፤ ምክንያቱም ተከታታዩ በማፒንግ ትሪ ቅርንጫፍ ላይ ምንም መብት የለውም። በሁለተኛው ውሎቹ ይታያሉ፤ ነገር ግን የውጤቱ ረድፍ ከቅጹ ላይ ጎድሎ ይመጣል፤ ምክንያቱም ደንቡ አንዳንድ ረድፎችን ብቻ ፈቅዷል። በሦስተኛው ሰውዬው ማንበብ ተፈቅዶለት ሳለ መመዘኛው አልሠራለትም፤ ምክንያቱም የፍለጋ መብት ቀርቶበታል።

ሩቭን በሚመለከት አንድ ተጨማሪ መሰናክል አለ። ሠንጠረዡ በጋራው ዛፍ ውስጥ ቢገኝም፣ የተቀመጠው «ቶምስቶን» በሚባል ዓይነት ቅጽ ላይ ነው፤ ይኸውም ለተሠረዙ ሰዎች ቅጽ የሚሰጠው ዓይነት፣ በአማርኛ የመቃብር ድንጋይ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቅጽ በስሙ ካልተጠየቀ በተራ ፍለጋ አይወጣም። ስለዚህ የሩቭ አለመታየት አንዳንድ ጊዜ የፈቃድ ጉድለት ሳይሆን የአጠያየቅ ጉድለት ነው፤ ሁለቱም የሚሰጡት መልስ ያው ባዶ ነው።

4. የምርመራ ቅደም ተከተል

ለምሳሌ አንድ ኮሌጅ ሀ፣ ለ፣ ሐ የተባሉ ሦስት ሰርቨሮች አሉት እንበል። እያንዳንዱ ለሁለቱ ባልንጀሮቹ ለውጥ ስለሚያስተላልፍ በየሰርቨሩ 2፣ በጠቅላላው 6 ውሎች ይኖራሉ። «ተከታታይ» የሚባል ስም በጋራው ዛፍ ውስጥ ተመዝግቦለት የቆመው ፕሮግራም «የተበላሸ ውል 0» ብሎ አስታውቋል። ተማሪዎች ግን በሐ በኩል መግባት አቅቷቸዋል። መርማሪው እንደሚከተለው ቢሄድ ይጠቀማል።

አንደኛ፣ ፕሮግራሙ በእርግጥ በማን ስም እንደ ገባ ያረጋግጥ። ስም ሳይሰጥ የሚጠይቅ ፕሮግራም ስም የለሽ ሆኖ ይገባና ለሕዝብ የተፈቀደውን ብቻ ያያል። ሰርቨሩ «እኔ ማን ነኝ?» ለሚል ጥያቄ መልስ የሚሰጥበት መንገድ ስላለው ይህን ማወቅ ቀላል ነው።

ሁለተኛ፣ ያንኑ ጥያቄ አንድ ጊዜ በተከታታዩ ስም፣ አንድ ጊዜ በዳይሬክተሪ ማናጀር ስም ያቅርብ። ለሁለተኛው 2 ውሎች ወጥተው ለአንደኛው 0 ከወጣ፣ ጉድለቱ የፈቃድ ነው። ለሁለቱም 0 ከወጣ ግን ጥያቄው የተጠየቀበት ቦታ ወይም መመዘኛው ስሕተት አለበት፤ ወይም ውሉ ራሱ የለም።

ሦስተኛ፣ የአንዱን ውል ሙሉ ስም ወስዶ እርሱን ብቻ በቀጥታ ይጠይቅ። 32 የሚል ቁጥር ከመጣ እንዲህ ያለ ቅጽ የለም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ስሙ ሲጻፍ የተፈጠረ ስሕተት ነው። 0 የሚል ቁጥር ከባዶ መልስ ጋር ከመጣ ግን ቅጹ አለ፤ የተደበቀው ከጠያቂው ነው።

አራተኛ፣ የሰርቨሩን የጥያቄና የመልስ መዝገብ ይመልከት። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ፍለጋ በማን እንደ ተጠየቀ፣ የውጤቱ ቁጥርና የተመለሱት ቅጾች ብዛት ይጻፋል። «ስሕተት 0፣ ቅጾች 0» የሚል መስመር በየጥያቄው ከተደጋገመ፣ የፕሮግራሙ ምስክርነት በባዶ ላይ የቆመ መሆኑ ታወቀ። መዝገቡ ጥቂት ተጠራቅሞ ስለሚጻፍ መስመሩ ወዲያው ባይታይ አያስደንቅ።

አምስተኛ፣ ምክንያቱ አሁንም ካልተገለጠ፣ የአንድ ሰው መብት በአንድ ቅጽ ላይ ምን ያህል እንደ ሆነ ሰርቨሩን ራሱን መጠየቅ ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ ንባብ፣ ፍለጋና ማወዳደር መፈቀዱን ይናገራል። ከዚህም ካለፈ የስሕተቱ መዝገብ ደረጃ በ128 ላይ ሲደረግ ሰርቨሩ ፈቃድን የመረመረበትን እያንዳንዱን እርምጃ ይጽፋል። ይህ ግን ሰርቨሩን የሚያደክም ስለ ሆነ ምርመራው እንዳበቃ ወደ ቦታው መመለስ አለበት።

በዚህ ምርመራ ጊዜ ሁለት ፈቃዶችን ማደባለቅ አይገባም። በውሉ ቅጽ ላይ 3 የሚል ቁጥር ከ«ፈቃድ ተከልክሏል» ጋር ከተነበበ፣ የተከለከለው ተከታታዩ አይደለም፤ ለውጥ የሚያደርሰው ሰርቨር የገባበት ስም በተቀባዩ ዘንድ የማድረስ ሥልጣን አላገኘም ማለት ነው። ተከታታዩማ ይህን ማንበቡ ራሱ የርሱ ፈቃድ ደኅና መሆኑን ያስረዳል። ከዚሁ ጋር፣ 0 የሚለው ውጤት በእንግሊዝኛ «ስሕተት» ከሚለው ቃል ጋር ተጽፎ ሲገኝ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ትርጓሜው ተሳክቷል ማለት ነው። 1 የሚለው ደግሞ ተቀባዩ ለጊዜው ሥራ ይዞታል ማለት ስለ ሆነ፣ ካልተደጋገመ በቀር ብልሽት አይባልም።

5. ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደማይፈቀድ

ብዙ ሰው ችግሩን በአቋራጭ ለመፍታት የዳይሬክተሪ ማናጀርን የይለፍ ቃል በፕሮግራሙ ውስጥ ይጽፋል። ባዶው መልስ ወዲያው ይሞላል። ነገር ግን የመዝገቡ ሁሉ ቁልፍ፣ ለማየት ብቻ በቆመ ፕሮግራም ፋይል ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው፤ ያን ፋይል ያገኘ ሰው የማንንም የይለፍ ቃል ሊለውጥ ይችላል።

ሁለተኛው አቋራጭ «ተከታታዩ ረድፎቹን ሁሉ ያንብብ» ብሎ መፍቀድ ነው። ይኸኛው ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። በውሉ ቅጽ ላይ ሰጪው ሰርቨር ወደ ተቀባዩ የሚገባበት ምስጢር በ«ክሬደንሺያልስ» ረድፍ ተጽፏል። ምስጢሩ ሰርቨሩ ራሱ ሊፈታው በሚችል ስውር ጽሕፈት የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ ለሌላ ሰው ማሳየት አይገባም።

የሚገባው እንግዲህ በማፒንግ ትሪ ቅጽ ላይ አንድ ደንብ መጻፍ ነው። ደንቡም ለተከታታዩ ብቻ ንባብን፣ ፍለጋንና ማወዳደርን ይፈቅዳል፤ የሚፈቅደውም የቅጹን ዓይነት፣ የውሉን ስም፣ የተቀባዩን አድራሻ፣ የመጨረሻውን ማዳረስ መጀመሪያ፣ ፍጻሜና ውጤት፣ እንዲሁም ውሉ የሚሠራ ወይም የታገደ መሆኑን በሚያሳዩት ረድፎች ላይ ነው። ሩቭን ለማንበብም በጋራው ዛፍ ራስ ላይ ሌላ ጠባብ ደንብ ይጻፋል። ረድፎችን በስም መቁጠር አንድ ድካም አለው፤ ሰርቨሩ ሲታደስ አዲስ ረድፍ ይጨመርና አዲሱ የክትትል ፕሮግራም እርሱን ሲጠይቅ እንደገና ዝምታ ይመጣል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው፣ ያው ውጤት ጄሶን በሚባለው አጻጻፍ የሚነበብበት ረድፍ ኋላ መጨመሩ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እድሳት በኋላ ፈቃዱን መሞከር ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ነገር ይህ ነው። የኮንፊግ ዛፍ አይዳረስም ብለናል። ስለዚህ በሀ ላይ የተጻፈው የማፒንግ ትሪ ደንብ በለና በሐ ላይ የለም። የተከታታዩ ስም ግን በጋራው ዛፍ ስላለ በሦስቱም ላይ ይገኛል፤ በሦስቱም ይገባል፤ የሚያየው ግን በሀ ላይ ብቻ ነው። ደንቡን በየሰርቨሩ አንድ በአንድ መጻፍ፣ አዲስ ሰርቨር በተጨመረ ቁጥርም መድገም የግድ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ተከታታዩ የሚገባበት ስም ራሱ በማዳረስ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ የይለፍ ቃሉ በሀ ላይ ተለውጦ ለሐ ካልደረሰ፣ በሐ ላይ 49 የሚል መልስ ይቀበላል፤ ይኸውም የመግቢያ ምስጢሩ ትክክል አይደለም ማለት ነው። ሰው ይህን የፕሮግራሙ ስሕተት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን ይህ ክልከላ ራሱ ሐ ወደ ኋላ ለመቅረቱ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል።

6. ፕሮግራሙ እንዴት መመስከር እንደሚገባው

ፈቃዱ ከተስተካከለ በኋላ በሁለት በኩል መሞከር አለበት። በአንድ በኩል ተከታታዩ ሊያየው የሚገባውን ማየቱ፣ በሌላ በኩል የክሬደንሺያልስ ረድፍን አለማየቱ ይረጋገጣል።

ፕሮግራሙ ራሱም ስንት ውል ማግኘት እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። በምሳሌያችን 6 ጠብቆ 2 ያገኘ ፕሮግራም «2 ደኅና ናቸው» ብሎ ማቆም የለበትም፤ «4ቱን ማየት አልቻልኩም» ማለት አለበት። ስለዚህ መልሱ ሁለት ሳይሆን ሦስት ይሁን፤ ደኅና፣ ብልሹ፣ ያልታወቀ። ያልታወቀውም እንደ ብልሹው ሁሉ ሰው ሊጠራበት ይገባል። ከዚህ በላይ፣ የውሉ ውጤት ስለ መጨረሻው ሙከራ ብቻ ስለሚናገር፣ የሰርቨሮቹን ሩቭ እያነጻጸሩ ማመሳከር የበለጠ የታመነ ማስረጃ ይሰጣል።

7. በሌሎች ሰርቨሮች ዘንድ

መልኩ ይለያይ እንጂ ነገሩ የ389 ብቻ አይደለም። በኦፕን ኤልዳፕ የማዳረሱ ቁጥር የሚገኘው በዛፉ ራስ ላይ «ኮንቴክስት ሲኤስኤን» በሚባል ረድፍ ነው፤ ረድፉ በስሙ ካልተጠየቀ አይወጣም። ቅጹ መኖሩን እንኳ የማወቅ ፈቃድ ለሌለው ሰው ይኸው ሰርቨር «የለም» ብሎ በ32 ቁጥር ይመልሳል። በማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪ ደግሞ የማዳረሱን ሁኔታ ለመከታተል የተለየ መብት ተበጅቷል፤ እርሱን መስጠት ተከታታዩን የአስተዳዳሪዎች ቡድን አባል ከማድረግ እጅግ ይሻላል።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአጭሩ ሲሰበሰብ እንዲህ ይሆናል። ዳይሬክተሪ ሰርቨር ማየት ለማይገባው ሰው ዝም ማለቱ ጉድለት አይደለም፤ ምስጢር ጠባቂነቱ ነው። ጉድለቱ ያለው ዝምታውን እንደ ምስክርነት በሚቀበለው ሰው ዘንድ ነው። ስለዚህ ተከታታይ ፕሮግራም የሚያቆም ሰው «ብልሽት አለ ወይ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ብልሽት ቢኖር ኖሮ ይህ ፕሮግራም ሊያየው ይችል ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን ጥያቄ በሀም፣ በለም፣ በሐም ላይ ሞክሮ «አዎ» የሚል መልስ ያገኘ ሰው፣ ከሥራ የተሰናበተው ሰው በየትኛውም በር እንዳይገባ ለመጠበቅ የመጀመሪያውን እርምጃ ተራምዷል።